ጥቆማ፦ የፋብሪካ አደን ጠመንጃ ምላጭና ሰደፍ ለማሻሻል ምን ትገዛላችሁ፣ ማን ጋ ትሄዳላችሁ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ልጅ ፓርኪንጉ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ጋሼ፣ ጠመንጃዬ አልመታ አለኝ። ልሽጠውና ደህና ልግዛ?» አለኝ። የ500 ዶላር የፋብሪካ ጠመንጃ ነው፣ ገና ዓመቱ። ምላጩ እንዴት ነው ስለው «ዝገት የያዘው የበር መቀርቀሪያ ይመስላል» አለ። ሳቅሁ። ግን ልክ ነው፣ የኔም ሲገዛ እንደዚያ ነበር። እኛ ጋ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ አደን የሚወጣው ሐበሻ ብዙ ስላልሆነ ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተጠያየቅን ነው የምንኖረው። ስለዚህ ለሱ የነገርኩትን ሰፋ አድርጌ እዚህ ላስቀምጠው። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም በፈረንጅ ነው።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ። ምላጭ የምለው ጣት የሚስበውን ነው። ቃታ የምለው ጥይት አጉርሶ የሚዘጋውን፣ በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደውን ብረት ነው። ብዙ ሰው «ቃታ ሳበ» ሲል ምላጩን ማለቱ ነው፤ አልጣላም፣ እዚህ ግን ከተምታታብን የሰው ጠመንጃ እናበላሻለን። ሰደፍ ደግሞ በትክክሉ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫፍ ነው፣ እኔ ግን እንጨቱን ወይም ፕላስቲኩን በሙሉ ሰደፍ እያልኩ እሄዳለሁ። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። የፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ፣ የ1874 ሥሪት። ስለ ምላጭ ክብደት ሲያወሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው፣ እሷን ደግሞ አያባክኗትም ነበር።

ወደ ነገሩ ልግባ። ምንም ሳትገዙ በፊት ብሎኖቹን እዩ። ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብሎኖች ናቸው። የልጁን ጠመንጃ ቤቱ ሄጄ አየሁት፣ የፊተኛው ብሎን በጣት ዞረ። በጣት! እሱ ለአዲስ መነጽር (ጠመንጃው ላይ ለሚሰቀለው ማነጣጠሪያ) 300 ዶላር ሊያወጣ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው የኃይል መጠን የሚለካ ቁልፍ ነው። ዊለር የሚባለው ፋት ሬንች ብሎ የሚሸጠው ከ50 እስከ 70 ዶላር አካባቢ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሰደፉ ውስጥ የአልሙኒየም መቀመጫ ያለው 700 ቅርጽ ጠመንጃ (የሬሚንግተን 700 ዓይነት) ከሆነ 65 ኢንች ፓውንድ ነው የተለመደው፣ ቁልፉ ላይ የሚነበበው የማጥበቂያ ልክ ማለት ነው። ምንም ብረት የሌለው እንጨት ከሆነ ግን ከ35 እስከ 40 ላይ ቁሙ፣ ከዚያ በላይ እንጨቱን ትጨፈልቁታላችሁ። ለፕላስቲክ የሠሪውን ወረቀት አንብቡ።

ቀጥሎ ወረቀት ውሰዱ። የአንድ ዶላር ኖት ይበቃል። በበርሜሉና በሰደፉ መካከል አስገብታችሁ ከጫፍ ወደ ኋላ ሳቡት። እስከ ቃታው ቤት ድረስ ሳይያዝ ከሄደ በርሜሉ ነጻ ነው። ከተያዘ ግን ሰደፉ በርሜሉን እየነካው ነው፤ በርሜሉ ሲግል፣ እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ፣ እናንተም ድንጋይ ላይ ስታስደግፉት ጥይቱ በየጊዜው ሌላ ቦታ ያርፋል። እንጨት ከሆነ ክብ ዱላ ላይ የተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ስትጨርሱ ግን የፋቃችሁትን ቦታ ቀለም ወይም ዘይት አስነኩት፣ አለበለዚያ ውሃ ይጠጣል።

ሦስተኛ፣ ሦስት ዓይነት ጥይት ሞክሩ። በአንዱ ጥይት የተበታተነው በሌላው ይሰበሰባል፣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ልጁ የሞከረው ከሱፐርማርኬት የገዛውን አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

እሺ፣ አሁን ምላጭ። እውነቱን ለመናገር ገንዘብ ማውጣት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውጡ። ከሰደፍ በፊት። ከመነጽር በፊትም ልላችሁ እችላለሁ፣ ግን ጭቅጭቅ አልፈልግም።

የፋብሪካ ምላጭ የሚከብደው ፋብሪካው ክስ ስለሚፈራ ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው «የጠበቃ ምላጭ» እያሉ ይቀልዱበታል። 5፣ 6፣ አንዳንዴ 7 ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል። ጠመንጃው ከነመነጽሩ 8 ፓውንድ ቢመዝን፣ በአንድ ጣት 6 ፓውንድ ስትጎትቱ አፈሙዙ የማይነቃነቅበት ምክንያት የለም። ከክብደቱ በላይ የሚያናድደው ደግሞ መንፏቀቁ ነው፤ ምላጩ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል፣ መቼ እንደሚተኩስ አታውቁም። ጥሩ ምላጭ እንደ ቀጭን ደረቅ ጭራሮ ድንገት ቀጭ ይላል እንጂ አይጎተትም።

ለአደን ከ2.5 እስከ 3.5 ፓውንድ ጥሩ ነው። የኔ 3 ላይ ነው። ከዚያ በታች የሚያወርዱ ጀግኖች አሉ፣ ኢላማ ለሚመታ ሰው ይሁን። ኅዳር ላይ ተራራው ጫፍ፣ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ፣ ልባችሁ እየዘለለ ግን 1 ፓውንድ ተኩል ምላጭ መንካት አትፈልጉም።

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁ ምላጭ የሚስተካከል መሆኑን እዩ። ብዙ ሰው ሳያውቅ ይገዛል። የሳቬጅ አኩትሪገር (መሃሉ ላይ ቀጭን ምላስ ያለው) ይስተካከላል። የሩገር አሜሪካን ምላጭ ከ3 እስከ 5 ፓውንድ ድረስ በአንዲት ብሎን ይወርዳል። ቲካ ያላችሁማ ምንም አትንኩ፣ ከ2 እስከ 4 ይስተካከላል፣ ከፋብሪካ ሲወጣም ንጹሕ ነው፤ ፊንላንዶች ናቸው የሚሠሩት፣ ብርድና ጓንት ያውቃሉ። መነሻው ሳቬጅ አክሲስ አኩትሪገር የለውም፣ አክሲስ 2 አለው፤ ሱቅ ስትሄዱ ሁለቱን እንዳታምታቱ።

ያገለገለ ሬሚንግተን 700 ወይም ሞዴል ሰቨን የገዛችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ኩባንያው ኤክስ ማርክ ፕሮ የሚባለውን ምላጭ በሚያዝያ 2014 መልሶ ጠርቷል። ከግንቦት 1 ቀን 2006 እስከ ሚያዝያ 9 ቀን 2014 የተሠሩት ናቸው። ምክንያቱ በመገጣጠሚያው ላይ የተረፈ ማጣበቂያ ሳይነካ ሊያስተኩስ ይችላል የሚል ነው። ከፓውንሾፕ ወይም ከሰው የተገዛ ከሆነ ቀድሞ ተለውጦ ይሆናል ብላችሁ አትገምቱ። እኔ ብሆን ጥይት ሳላጎርስበት አውጥቼ በአዲስ ምላጭ እተካዋለሁ።

ከውጭ የሚገዛውን በተመለከተ ሁለት ስም በቂ ነው። ቲምኒ እና ትሪገርቴክ። ቲምኒ የአሪዞና ነው፣ ከ1946 ጀምሮ ምላጭ ሲሠራ የኖረ ቤት። ለ700 የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ 3 ፓውንድ ላይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፣ ገጥማችሁ ትረሱታላችሁ። ለአክሲስም ለሩገር አሜሪካንም ይሠራል፣ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ትሪገርቴክ የካናዳ ነው። እሱ የሚለየው ውስጡ ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ተንከባላይ ዘንግ ስላለው ነው፤ ብረት ብረት ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ይንከባለላል፣ መንፏቀቁ የለም ማለት ይቻላል። ፕራይመሪ የሚባለው መነሻው ከ1.5 እስከ 4 ፓውንድ ይሄዳል፣ ክብደቱንም ሳታወጡት ከውጭ ትለውጣላችሁ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ከ150 እስከ 200 ዶላር አካባቢ፣ እንደ ሞዴሉ። እኔ ትሪገርቴክ ነው የገጠምኩት፣ ጓደኛዬ ቲምኒ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብስበው የቱ የቱ እንደሆነ እለያለሁ፣ ኤልክ (ትልቁ የአሜሪካ አጋዘን) ላይ ግን ልዩነት አያመጣም። ጄዌል የሚባል ሦስተኛ አለ፣ ኢላማ ተኳሾች ይምሉበታል፣ አቧራና በረዶ ግን አይወድም ይባላል፤ ለተራራ አልመክረውም።

የማልመክረውን ደግሞ በደሌን እየነገርኩ ላስረዳችሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ጋ ሄድኩ። «አዲስ ምላጭ ምን ያደርግልሃል፣ ያለህን በ60 ዶላር አለሰልሰዋለሁ» አለኝ። አለሰለሰውም። ውስጡን ሞርዶ፣ ሞላውን ቆርጦ፣ እንደ ቅቤ አድርጎ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ባዶውን፣ ቃታውን ጠንከር አድርጌ ስዘጋው ቀጭ አለ። እንደገና ዘጋሁት፣ ቀጭ። ጣቴ ምላጩ አጠገብ የለም። ጥይት ቢኖርበትስ? ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ያንን ምላጭ በመዶሻ ቀጥቅጬ ነው የጣልኩት፣ ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው። ከዚያ ወዲህ ሃይማኖቴ ይሄ ነው፦ ምላጭ ወይ በተሠራለት ብሎን ይስተካከላል፣ ወይ ሙሉው ይቀየራል። አይሞረድም።

መግጠሙን ራሴ ላድርገው ወይ ለምትሉ፣ 700 ቅርጽ ከሆነ የሚያስቸግር አይደለም። ሁለት ፒን ነው የሚያወጡት። አንዷ ግን ቃታውን የሚያቆመውን ብረትና ትንሽዬ ሞላውን አብራ ይዛለች፤ ሞላዋ ተወርውራ ምንጣፍ ውስጥ ከገባች ያ ቀን አለቀ። ፎጣ ዘርግታችሁ ሥሩ። እጃችሁን የማታምኑ ከሆነ አሠሩት፣ ከ40 እስከ 80 ዶላር ቢጠይቋችሁ አይደንግጣችሁ።

ራሳችሁ ገጠማችሁትም አስገጠማችሁትም፣ ይሄን ሳታዩ ጥይት አታጉርሱ። ካዝናውን አውጡ፣ ጥይት ማጉረሻውን በዓይንም በጣትም እዩ። ቃታውን አሥር ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ዝጉ። ሴፍቲውን (እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን) ዝጉና ምላጩን በደንብ ሳቡ፣ ልቀቁ፣ ከዚያ ሴፍቲውን ክፈቱ፤ ሲከፈት መተኮስ የለበትም። ሰደፉን ምንጣፍ ላይ ደጋግማችሁ አንኳኩ። በዚህ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቀጭ ካለ አልቋል፣ ወደ ባለሙያ። ደግሞ ምላጭ ውስጥ ወፍራም ዘይት አታስገቡ። ብርድ ሲመታው እንደ ማር ይወፍራል። በላይተር ፈሳሽ አጥባችሁ ደረቅ አድርጋችሁ ተዉት።

ሰደፍ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ምላጭ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፣ ሰደፍ ግን እንደ ጫማ ነው። የፋብሪካው ከምላጩ እስከ ትከሻ ብዙ ጊዜ 13.5 ወይም 13.75 ኢንች ነው፣ 35 ሴንቲ ገደማ። ይሄ ለመካከለኛ ፈረንጅ ወንድ የተቆረጠ ነው። ባለቤቴ 160 ሴንቲ ናት፣ የኔን ስትይዝ አንገቷን እንደ ሰጎን ነበር የምትዘረጋው። ከዚያ ላይ የክረምት ጃኬት ጨምሩበት። ከርግጫው ይልቅ የሚያሳምመው አለመገጠሙ ነው፤ ትከሻ ላይ በትክክል ያልተቀመጠ ሰደፍ ጉንጭ ይመታል፣ መነጽሩም ቅንድብ ይቆርጣል። መለካት ቀላል ነው። ክንዳችሁን አጥፋችሁ የሰደፉን ጫፍ ክርናችሁ መታጠፊያ ላይ አስቀምጡ፣ ጣታችሁ ምላጩ ላይ መድረስ አለበት። ያላችሁን ጃኬት ለብሳችሁ ለኩ እንጂ በካናቴራ አትለኩ።

ጉንጭ ደግሞ አለ። መነጽሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ ሳያርፍ አገጫችሁ ነው የሚያርፈው። ለዚህ አዲስ ሰደፍ አያስፈልግም፣ በማሰሪያ የሚታሰር የጉንጭ ትራስ ከ20 እስከ 50 ዶላር ይሸጣል። ርግጫ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሊምሴቨር ወይም ፓክማየር ጎማ ጫፉ ላይ ግጠሙ። በዚህ ብቻ አርፈው የተቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ርካሽ የፕላስቲክ ሰደፍ ያላችሁ ሰዎች የፊቱን ክፍል በሁለት ጣት ጭመቁት። ታጥፎ በርሜሉን ከነካ ባዶ ስለሆነ ነው። ሰዎች የሚያደርጉት ዘዴ አለ፤ አሮጌ የካርቦን የቀስት ዘንግ ቆርጠው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያጋድሙና በኢፖክሲ ይሞሉታል። 20 ዶላር አይሞላም። ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል፣ መታጠፉ ግን ይቆማል። እኔ ለወንድሜ ጠመንጃ ሠርቼለታለሁ፣ መልኩ አያምርም፣ ከውስጥ ስለሆነ ማን ያየዋል።

መቀየር የወሰናችሁ እንደሆነ፣ ለገንዘቡ ቦይድስን አልፌ አልሄድም። ደቡብ ዳኮታ ሚቸል የሚባል ከተማ ነው ያለው። ስስ እንጨት ተደራርቦ ተጣብቆ የተሠራ ነው፣ ላሚኔት የሚሉት፣ ከአንድ ወጥ እንጨት ይልቅ እርጥበት አያጣምመውም። ርዝመቱን አዝዛችሁ ታስቆርጣላችሁ፤ ለአጭር ሰው ይሄ ብቻ ዋጋው ነው። አትዋን የሚባለው ሞዴል ርዝመቱም የጉንጩም ከፍታ የሚጫን ቁልፍ ተጭኖ ይለወጣል፣ አንድ ጠመንጃ ባልና ሚስት የሚካፈሉ ከሆነ እሱን ግዙ። ጉድለቱ ክብደት ነው። ላሚኔት ይከብዳል፣ ተራራ ለሚወጣ ሰው ጭነት ነው። ደግሞ አንዳንዱ ትንሽ ፋቅ ማድረግ ይፈልጋል፣ ከሳጥን አውጥቶ መግጠም ሁልጊዜ አይሆንም።

ማግፑል ሀንተር ለ700 ጥሩ ነው፤ ውስጡ አልሙኒየም መቀመጫ አለው፣ በስፔሰር ይረዝማል ያጥራል፣ ማንም በግማሽ ሰዓት ይገጥመዋል። (ማግፑል የኛው የኮሎራዶ ልጅ ነበር። በ2013 ካዝና የሚይዘውን የጥይት ብዛት የሚገድበው ሕግ ከወጣ በኋላ ጠቅልሎ ወደ ዋዮሚንግና ቴክሳስ ሄደ።) ቤልና ካርልሰን የካንሳስ ነው፣ ሜዳሊስት የሚባለው አልሙኒየም ያለው ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ተራራ ለሚወጣ ሰው እኔ የምለው እሱን ነው። ማክሚላን ያምራል፣ ዋጋው ግን አንዳንዱን ጠመንጃ ሁለት ያደርጋል። ለ500 ዶላር ጠመንጃ የማክሚላን ሰደፍ መግዛት ለአህያ የብር ኮርቻ ነው።

አልሙኒየም የሌለው ሰደፍ የምትገዙ ከሆነ ቤዲንግ የሚባለውን አሠሩ። ብረቱ በሰደፉ ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ በኢፖክሲ ልክ በልኩ መሙላት ማለት ነው። ብራውኔልስ የሚሸጠው አክራግላስ፣ ማሪንቴክስ፣ ዴቭኮን፣ የትኛውም ይሆናል። ዋናው ነገር የማያጣብቀውን ቅባት መቀባት ነው፤ አንድ ጥግ ከረሳችሁ ጠመንጃውና ሰደፉ በተክሊል ተጋቡ ማለት ነው። ብዙዎች ቀለም የሌለውን ኪዊ የጫማ ቅባት ነው የሚጠቀሙት፣ ይሠራል። ርግጫውን የሚቀበለውን ጥርስ ከፊቱ፣ ከጎኑና ከታቹ አንድ አንድ ድርብ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ከኋላው ግን አትለጥፉ፣ ከኋላ ነው የሚደገፈው። ብሎኑን አታጥብቁ፣ 24 ሰዓት አትንኩት። መጀመሪያ ስሠራ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የባለሙያ ነገር። በኛ አካባቢ የማየው ሦስት ዓይነት ነው። ትልልቆቹ የስፖርት ሱቆች ውስጥ ያለው ጠረጴዛ መነጽር ለመስቀልና ምላጭ ለመቀየር ይሆናል፣ ቤዲንግ ግን አልሰጣቸውም፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይም። ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌዎች አሉ። ምርጡም መጥፎውም ሥራ እዚያ ነው ያለው። እኔን ያበላሸኝም ከነዚህ አንዱ ነው፣ ያዳነኝም ከነዚህ አንዱ ነው። ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የፌደራል ፈቃድ አለህ? ምላጩን ከሠራህ በኋላ እንዴት ትፈትነዋለህ? የሠራኸውን ቤዲንግ ፎቶ ታሳየኛለህ? ሁለተኛውን ጥያቄ ሲሰማ የሚስቅ ሰው ጋ ጠመንጃችሁን አትተዉ። ፈቃዱን የምትጠይቁት ጠመንጃውን ትታችሁ ስለምትሄዱ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ጠግኖ ለራሳችሁ ሲመልስላችሁ ደግሞ እንደ አዲስ ግዢ ቅጽ አያስሞላችሁም፣ በዚህ አትጨነቁ።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት የወጡት ናቸው። ከዴንቨር ወደ ደቡብ የሦስት ሰዓት መንገድ፣ ትሪኒዳድ የሚባል ከተማ የጠመንጃ ሥራ የሚያስተምር የመንግሥት ኮሌጅ አለ፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እዚያ የተማረ ሰው ካገኛችሁ ሥራው ይለያል። ይዘገያሉ ግን። ነሐሴና መስከረም ላይ አትሂዱ፣ ሁሉም ሰው አደን ሊደርስ ሲል ነው የሚያስታውሰው። ጥር ላይ ውሰዱ።

ለልጁ ያልኩትን ልንገራችሁ። ብሎኑን አጠበቅን፣ 0 ዶላር። ጥይት ቀየርን። ቲምኒ አዘዘ። ሰደፉን ለሚቀጥለው ዓመት ተወው። ለኤልክ እዚህ ሕጉ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ስፋትና 85 ግሬን ክብደት ያለው ጥይት ነው የሚለው፣ የሱ .308 ከበቂ በላይ ነው፣ እንጂ ልቀይር ብሎ ነበር። እንደተለመደው የኅዳሩን ወቅት የአደን ፈቃድ አውጥቷል። ሥጋው ቢገኝ የነቢያት ጾም በኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ ገና መጠበቅ ነው።

የምላጭ ክብደት መለኪያ አለኝ፣ ሊማን ዲጂታል። ኦሮራ አካባቢ ያላችሁ መዋስ ትችላላችሁ። አምና የተዋሰኝ ወንድም፣ ይሄን ካነበብክ፣ መጀመሪያ አንተ መልስልኝ።